ብዕር ነው ወይስ ሕመም? ዓረብኛ፣ ሳይኮአናሊሲስና የአገር ማንነት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ስለ ዓረብኛና ስለ ሳይኮአናሊሲስ የደረሱንን ጥያቄዎች አንድ ላይ ሰብስበን መልሰናል። ሳይኮአናሊሲስ ስንል ፍሮይድ የጀመረውን፣ ሰው ወደ አፉ የመጣውን ሁሉ እየተናገረ ድብቅ አእምሮው የሚደመጥበትን የንግግር ሕክምና ማለታችን ነው። ዓመቶቹም ወሮቹም በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ዓረቦች የሚጽፉትና የሚናገሩት ዓረብኛ ይለያያል ይባላል። ግእዝና አማርኛ እንደ ማለት ነው?

መልስ፦ ምሳሌው መንገድ ያስጀምራል፤ እኩሌታው ላይ ግን ጥሎ ይሄዳል። የሚጻፈው፣ ዜና የሚነበብበትና ሕግ የሚወጣበት ዓረብኛ «ፉስሐ» ይባላል። በቤት፣ በገበያ፣ በጠብና በእሹሩሩ የሚሰማው «ዓሚያ» ነው፤ የሰሜን ምዕራብ አፍሪካ ሰዎች ደግሞ «ዳሪጃ» ይሉታል። አሜሪካዊው የቋንቋ ምሁር ቻርልስ ፈርጉሰን በ1959 ባወጣው ጽሑፍ ይህን አኗኗር «ዳይግሎሲያ» በሚለው ስም አስተዋወቀው፤ አንድ ሕዝብ፣ ሁለት የአንድ ቋንቋ መልክ፣ አንዱ ለክብር ቦታ፣ ሌላው ለጓዳ። ምሳሌ ያደረጋቸው አራት ናቸው፦ ዓረብኛ፣ ግሪክኛ፣ የስዊዘርላንድ ጀርመንኛና የሃይቲ ክሪዮል። (ይኸው ሰው ኋላ በኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትም እጁ አለበት።) አራቱን ስሞች ያዙልን፤ ወደ መጨረሻው እንፈልጋቸዋለን።

ልዩነቱ የቃላት ብቻ አይደለም፤ በቃላት ግን ቶሎ ይታያል። አፍንጫ በፉስሐ «አንፍ» ነው፤ ግእዝም «አንፍ» ይላል። የካይሮ ሰው ሲያስነጥስ ግን የሚይዘው «መናኺሩን» ነው። መጽሐፍ ላይ «ሒዛእ» የተባለው ጫማ እግር ላይ ሲጠልቅ «ገዝማ» ይሆናል። «አሁን» በጽሑፍ «አልአን»፣ በአፍ «ዲልወእቲ»።

ከግእዝ ጋር ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። አማርኛ የራሱ ሰዋስው፣ የራሱ ጋዜጣ፣ የራሱ መማሪያ መጽሐፍ ያለው ቋንቋ ነው፤ ግእዝን የማያውቅ ሰው ማመልከቻ ለመጻፍ አይቸገርም። ዓሚያ ግን እንዲህ ያለ ማዕረግ አላገኘም። ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ ሲናገርበት የኖረውን ሳይሆን አዲስ ሰዋስው ይማራል፤ በስም መጨረሻ ላይ የሚቀያየሩ አናባቢዎች፣ ለሁለት ነገር ብቻ የሚያገለግል የግሥና የተውላጠ ስም መልክ፣ በእናቱ አፍ ሰምቷቸው የማያውቃቸው የግሥ መልኮች ይጠብቁታል። በዚያ ላይ አጫጭሮቹ አናባቢዎች በተራ ጽሑፍ አይጻፉም። ከ፣ ተ፣ በ የሚሉ ሦስት ፊደላት ብቻቸውን ተጽፈው «ከተበ» (ጻፈ)፣ «ኩቲበ» (ተጻፈ) ወይም «ኩቱብ» (መጻሕፍት) ተብለው ሊነበቡ ይችላሉ። በእኛ ፊደል አናባቢው ከሆሄው ጋር ተጣብቆ ስለሚመጣ ይህ ችግር በቀላሉ አይታየንም። ዓረብኛ ላይ ግን አንባቢ በትክክል ለማንበብ አስቀድሞ ሰዋስው ማወቅ አለበት።

ወጣቶች በስልክ መልእክት ዓሚያን መጻፍ ከጀመሩ ቆይተዋል፤ አንዳንዴም በላቲን ፊደል፣ ላቲን የሌለውን ዐይን በ3፣ ሐውትን በ7 እየተኩ። ማንም ያላስተማራቸው አጻጻፍ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ማንም በእናቱ አፍ ያልሰማው ቋንቋ እንዴት የብሔራዊ ማንነት ምሰሶ ሆነ?

መልስ፦ ምክንያቱ ማንም በእናቱ አፍ አለመስማቱ ራሱ ነው። ፉስሐ የማንም ሰፈር ስላልሆነ የሁሉም ሊባል ቻለ። የባግዳድ ዓሚያ ቢመረጥ ካይሮ ትቀየማለች፤ የካይሮ ቢመረጥ ደማስቆ።

ጉዞው በቃላት ይታያል። «ወጠን» ለዘመናት ሰው የሚኖርበት ቀዬ ማለት ነበር። ከ1826 እስከ 1831 ፓሪስ የቆየው ግብፃዊው ሪፋዓ አልጠህጣዊና የዘመኑ ጸሐፊዎች የፈረንሳዮቹን «አገር» የሚል ሐሳብ በዚህ ቃል ሲጠሩት ትርጉሙ ሰፋ። ከዚያ «ወጠንያ» መጣ፤ ግብፃዊነት፣ ቱኒዚያዊነት፣ ድንበር ያለው የአገር ፍቅር። ጎን ለጎን «ቀውም» ከሚለው ቃል «ቀውምያ» ወጣ፤ ከውቅያኖስ እስከ ባሕረ ሰላጤ ዓረብን ሁሉ አንድ የሚያደርግ ብሔርተኝነት። ሁለቱም በአማርኛ «ብሔርተኝነት» ተብለው ስለሚተረጎሙ አንባቢ ይምታታበታል። አንዱ መሬትን፣ ሌላው ቋንቋን ይይዛል።

ቋንቋን የያዘው ወገን ታላቅ ሰው ሳጢዕ አልሑስሪ (1880–1968) ነው። ዓረብኛ የሚናገር ሁሉ ወደደም ጠላም ዓረብ ነው የሚል አቋም ነበረው፤ ሐሳቡን ከጀርመን ፈላስፎች ወስዶታል። በ1920ዎቹ የኢራቅን ትምህርት ሲመራ ይህን በመማሪያ መጻሕፍት አሰረጸው። እሱ ራሱ ግን የተማረው በኦቶማን ቱርክኛ ነበር፤ ዓረብኛው እስከ መጨረሻው የቱርክ ቅላፄ አልለቀቀውም። ለዓረብነት መለኪያ ያደረገው ቋንቋ ለራሱም በጥረት የተገኘ ነበር ማለት ነው።

በአልጄሪያ ነገሩ መራራ ነው። ፈረንሳይ በ1830 ገባች፤ በ1938 የወጣ ደንብ ዓረብኛን በገዛ አገሩ «የውጭ ቋንቋ» አደረገው። ነፃነት በ1962 ሲመጣ ዓረብኛን መመለስ ክብርን መመለስ ነበር፤ የ1963ቱ ሕገ መንግሥትም ብሔራዊ ቋንቋ ብሎ ሰየመው። ነገር ግን የተመለሰው ፉስሐ ነበር። መምህራን ከግብፅና ከሌሎች የዓረብ አገሮች መጡ፤ ተማሪው ለዳሪጃውም ለበርበርኛውም (ለአማዚግኛው) ቦታ አላገኘም። በ1980 ጸሐፊው ሙሉድ ማመሪ ስለ ጥንታዊ የካቢሌ (በርበርኛ ተናጋሪ ሕዝብ) ግጥም ሊሰጥ የነበረው ንግግር ሲከለከል የካቢሌዎቹ ከተማ ቲዚ ኡዙ ተነሣች። አማዚግኛ ብሔራዊ ቋንቋ የተባለው በ2002፣ ኦፊሴላዊ የሆነው በ2016 ነው። ዳሪጃ እስከ ዛሬ በሕገ መንግሥቱ ውስጥ በስሙ አልገባም።

ጥያቄ፦ የሥነ ልቦና ተማሪ ነኝ። ይህ ሁሉ ፖለቲካ ነው፤ ሳይኮአናሊሲስ ምን አገባው?

መልስ፦ ሳይኮአናሊሲስ ገና ሲወለድ የገጠመው የቋንቋ መጥፋት ነበር። «አና ኦ.» በሚል ስም የምትታወቀው፣ ከ1880 እስከ 1882 በቪየና በዮሴፍ ብሮየር የታከመችው ሴት በሕመሟ መሐል አፍ መፍቻዋን ጀርመንኛን አጣችው፤ ለረጅም ጊዜ የምትናገረው እንግሊዝኛ ብቻ ነበር። ሕክምናውን «የንግግር ፈውስ» ብላ የጠራችውም እሷው ናት፤ በእንግሊዝኛ። ኋላ ራልፍ ግሪንሰን በ1950 ባሳተመው ጥናት ጀርመንኛ መናገር ስለማትፈልግ ታካሚው ጽፏል፤ በአፍ መፍቻዋ ስትናገር የፈራች ሕፃን እንደምትሆን፣ በእንግሊዝኛ ግን ሌላ ሴት እንደሆነች ይሰማት ነበር። ቱርክኛ አፋቸውን ፈትተው እንግሊዝኛ በተማሩ ሰዎች ላይ የተደረገ የላብራቶሪ ሙከራ ላይም በልጅነት የሰሙት የቁጣ ቃል በቱርክኛ ሲነገራቸው የቆዳቸው ምላሽ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ስድብ በተማሩት ቋንቋ ጆሮ ይነካል፤ በእናት ቋንቋ ላብ ያወጣል።

አሁን ወደ ዓረብኛ። ለማሳያ አንድ ሰው ካይሮ ውስጥ በሳይኮአናሊስት አልጋ ላይ ጋደም ብሎ ሲናገር አስቡ፤ መጻፍ አልሆንልህ ብሎት የመጣ ነው። «አባቴ ብዕር ሰጠኝ» ይላል። ብዕር በፉስሐ «ቀለም» ነው፤ የእኛው ቀለም ዘመድ። የካይሮ ሰው ግን «ቀ»ን ጉሮሮው ውስጥ ውጦ «አለም» ይለዋል። (ከእኛ «ዓለም» ጋር አይገናኝም።) እንግዲህ በግብፅ ዓሚያ ይህ ቃል ጥፊም ማለት ነው፤ «አባቴ አለም ሰጠኝ» ሲባል «አባቴ በጥፊ መታኝ» ተብሎ ይሰማል። ከዚህ ሌላ ሕመም በፉስሐ «አለም» ነው፤ ካይሮ ላይ ሲነገር ከብዕሩ አይለይም። ብዕር፣ ጥፊ፣ ሕመም፤ ሦስቱም በአንድ ድምፅ ወጡ። ሰውዬው ለምን መጻፍ እንዳቃተው ራሱ ሳያውቀው ተናግሮ ጨርሷል ማለት ይቻላል።

ማስታወሻ ያዡ ግን እንደ ተማረ ሰው በፉስሐ «አዕጣኒ ቀለመን» ብሎ ይጽፋል፤ ብዕር ሰጠኝ። «ቀ» ተመለሰች፤ ጥፊውም ሕመሙም ጠፋ። ወረቀቱ ላይ ስህተት የለም፤ የተሰማው ነገር ግን የለም። ሳይኮአናሊሲስ ስለ ዳይግሎሲያ የሚያገባው በዚህች የአንድ ፊደል ልዩነት ነው።

ጥያቄ፦ የፍሮይድ ቃላት በዓረብኛ ምን ተባሉ? ለእኛም ትርጉም ይጠቅመን ይሆን?

መልስ፦ ይጠቅማል፤ በተለይ ወጥመዶቹ።

ሳይኮሎጂ «ዒልም አንነፍስ» ነው፤ የነፍስ ዕውቀት። ሳይኮአናሊሲስ ደግሞ «ተሕሊል ነፍሲ»፤ ነፍስን መተንተን። ነፍስ፣ ነፋስ፣ ትንፋሽ በአማርኛ እንደሚዛመዱ በዓረብኛም «ነፍስ»ና «ነፈስ» (ትንፋሽ) አንድ ሥር ናቸው። ችግሩ ቃሉ ባዶ ቤት አለመሆኑ ነው። ቁርኣን ስለ ነፍስ በሦስት መልክ ይናገራል፦ ወደ ክፉ የምታዝ፣ ራሷን የምትወቅስ፣ የረጋች። ፍሮይድም በ1923 አእምሮን በሦስት ከፈለ። ሦስትን ከሦስት ማጋጠም ቀላል ስለሆነ ብዙ ሰው ያጋጥማል፤ አይገጥምም። የፍሮይድ ሦስት ክፍሎች ሁሌም አብረው የሚጣሉ ናቸው፤ የነፍስ ሦስት መልኮች ግን በሱፊዎች (በእስልምና መናንያን) ዘንድ መንገድ ናቸው፤ ሰው ከአንዱ ወደ ሌላው ይወጣል። ፍሮይድ ዘንድ የረጋች ነፍስ የምትባል ማረፊያ የለችም።

ድብቁ አእምሮ «አላ-ሹዑር» ተባለ። ቃሉን ያስለመደው ግብፃዊው ዩሱፍ ሙራድ (1902–1966) ነው፤ ከ1945 እስከ 1953 የሥነ ልቦና መጽሔት ከሙስጠፋ ዚወር ጋር ያዘጋጅ ነበር። ቃሉን ከባዶ አልፈጠረውም፤ በ1240 ካረፈው ሱፊ ከኢብን ዓረቢ ወሰደው። «ሹዑር» ስሜትም መገንዘብም ነው፤ «ሺዕር» (ግጥም) ከዚሁ ሥር ይወጣል። ስለዚህ የዓረብኛው ቃል ባለቅኔ የሚቀመጥበት ቤት ጎረቤት ነው፤ የጀርመንኛው ግን ደረቅ «ያልታወቀ» ነው። ሌላው የሚሠራበት ቃል «አላ-ወዕይ» ነው፤ «ወዕይ» ግን «የሕዝብ ንቃት» እየተባለ በፖለቲካ ስብሰባ ስለደከመ ከአልጋው አጠገብ ሲባል የመፈክር ሽታ ያመጣል።

ትልቁ ወጥመድ ፍሮይድ ከሦስቱ ክፍሎች የምኞቱን «ኤስ» ማለቱ ነው፤ በጀርመንኛ ወንድም ሴትም ያልሆነ ተውላጠ ስም። ዓረብኛ እንደ አማርኛ ለግዑዝ የተለየ ጾታ የለውም። ስለዚህ «አልሁወ» ተባለ፤ «እሱ»። ሱፊዎች ግን በዚክራቸው ፈጣሪን «ሁ» እያሉ ይጠሩታል። ያው ቃል ከሁሉ በታች ላለው ምኞትና ከሁሉ በላይ ላለው አምላክ ዋለ። አንባቢው ሳያውቅ ደስ የማይል ነገር ይሰማዋል፤ መጽሐፉን «ክህደት» ብሎ ሊዘጋውም ይችላል፤ ጥፋቱ የተውላጠ ስም ነው።

የፍሮይድን የሕልም መጽሐፍ በ1958 በዓረብኛ ያወጣው ሙስጠፋ ሳፍዋን ነው። ሕልም ግን በፉስሐ አይታለምም። ስለዚህ አንባቢው ስለ ሕልም ትርጓሜ የሚያነበው እሱ በማያልምበት ቋንቋ ነው። ተርጓሚው ይህን ሳያውቅ አልቀረም፤ ኋላ የሼክስፒርን «ኦቴሎ» በግብፅ ዓሚያ ተርጉሟል።

ጥያቄ፦ ዓረብኛ ተናጋሪ ስደተኞችን በሚያማክር ድርጅት ውስጥ ልሠራ ነው። አስተርጓሚ ይኖራል። ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ በፋኖን ውድቀት እንጀምር፤ ከብዙ መመሪያ ይሻላል። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ፍራንዝ ፋኖን በ1953 አልጄሪያ ብሊዳ ወዳለው የአእምሮ ሆስፒታል ሲመጣ ዓረብኛም ካቢልኛም አያውቅም። ታካሚዎች በጋዜጣ፣ በበዓል፣ በሙዚቃና በስብሰባ ኑሯቸውን አብረው የሚገነቡበትን የፈረንሳይ ዘዴ ይዞ ነበር። ዘዴው በአውሮፓውያን ሴቶች ክፍል ተሳካ። በሙስሊም ወንዶች ክፍል ከሸፈ። ከጃክ አዙሌ ጋር በ1954 ያወጡት ጽሑፍ ጥፋቱን ወደ ታካሚዎቹ አልገፋም። አብዛኞቹ ማንበብ ስለማይችሉ ጋዜጣው የባዕድ ነበር፤ ለበዓል የተመረጡት ቀኖች የእነሱ አልነበሩም፤ መሐል የገባው አስተርጓሚ ደግሞ ሐኪሙን ከዳኛና ከፖሊስ ጋር አንድ ያደርገው ነበር፤ ከዚያ በፊት ሰዎቹ አስተርጓሚ ያገኙት እዚያ ነበርና። ከዚያ በኋላ ቡና ቤት፣ ተረት ነጋሪ፣ የሙስሊም በዓላት ሲገቡ ክፍሉ መንፈስ ዘራ።

አስተርጓሚ ማለት ለታካሚው መጀመሪያ ላይ የመንግሥት ፊት መሆኑን ይያዙ።

የመጀመሪያው ቀን «ዓረብኛ ይናገራሉ?» ብለው አይጠይቁ። ኩርዱም፣ ኑቢያውም፣ ካቢሌውም «አዎ» ይላል፤ ሁሉም ተምሮታል። «እናትዎ ሲቆጡ በምን ቋንቋ ይቆጡ ነበር? ሲጸልዩ፣ ሲቆጥሩስ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። አስተርጓሚውን ከመያዝዎ በፊት የአገሩን ዓሚያ ያጣሩ። የሞሮኮና የኢራቅ ሰው እየተቸገሩ፣ ወደ ፉስሐ እየወጡ ይግባባሉ፤ ይህ መውጣት ነው ክፍለ ጊዜውን የሚያበላሸው። ሁለቱም መግለጫ እንደሚሰጥ ሹም መናገር ይጀምራሉ፤ ስሜት የሚባል ነገር ይጠፋል።

ጊዜው። የተለመደው ክፍለ ጊዜ ከ45 እስከ 50 ደቂቃ ነው፤ በአስተርጓሚ ግን የሚነገረው በግማሽ ይቀንሳል። ወይ ወደ 90 ደቂቃ ያስረዝሙ፣ ወይ ግማሹን ተቀብለው ይቀመጡ፤ በ50 ደቂቃ ሁሉን ልጨርስ ያለ ሰው ታካሚውን እያቋረጠ ይጨርሳል። ለብቻ ከአስተርጓሚው ጋር ክፍለ ጊዜው ከመጀመሩ በፊት 10፣ ካለቀ በኋላ 10 ደቂቃ ይያዙ።

ደጋግሞ የሚበላሸው አስተርጓሚው ሲያሳምር ነው። ታካሚው «ጉበቴ ተቃጠለ» የሚል የእናት ልቅሶ ያወጣል፤ አስተርጓሚው «በጣም አዝኗል» ይላል። ስድቡን ይዘለዋል። «እኔ» ወደ «እሱ» ይቀየራል፤ በዚህች ለውጥ ብቻ ታካሚው ስለ እሱ የሚወራበት ሰው ሆነ። ስለዚህ አስቀድመው ይስማሙ፦ አስተርጓሚው በ«እኔ» ይናገር፣ ስድቡን እንዳለ ይስጥ፣ የማይተረጎም ቃል ሲመጣ ቃሉን እንዳለ አሰምቶ ከዚያ ያብራራ። የታካሚውን ልጅ አስተርጓሚ አያድርጉ፤ አባት በልጁ አፍ ስለ ድብደባ አይናገርም፤ ቢናገርም ልጁ ይሸከመዋል።

የቋንቋ መቀየሪያውን ይመዝግቡ። ከማስታወሻዎ ጠርዝ ላይ ለፉስሐ «ፉ»፣ ለዓሚያ «ዓ»፣ ለፈረንሳይኛ «ፈ» ብለው ያስቀምጡ፤ ሲቀየር ምን እየተወራ እንደነበር ከጎኑ ሁለት ቃል። የቋንቋው መቀየር ብዙ ትርጉም ሊኖረው ይችላል፤ ጥቅስ ጠቅሶ ይሆናል፤ ከስሜቱ ርቆ ይሆናል፤ ወይም የመርማሪው ድምፅ ሲታወሰው ቋንቋው አብሮ መጥቶ ይሆናል። ወይም ደግሞ ምንም አይደለም፤ ስለ ሕግና ስለ መድኃኒት ሲወራ ዓሚያ ቃሉ ስለሌለው ብቻ ፉስሐ ይገባል። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ አንድ ጊዜ ሲቀየር «ያዝኩት!» ይላል። ሦስተኛው ጊዜ እስኪመጣ ይጠብቁ፤ ያኔ «ቅድም ሌላ ዓረብኛ ነበር፤ ቤት ውስጥ ይህን ምን ትሉት ነበር?» ብለው ይጠይቁ።

«እንዴት ነህ?» ሲሉት «አልሐምዱ ሊላህ» ማለቱም ከጥያቄ መሸሽ አይደለም፤ ሰላምታ ነው። ሁለተኛ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ መሪዎች በንግግራቸው መሐል ከፉስሐ ወደ ዓሚያ የሚወርዱት ለምንድን ነው?

መልስ፦ የዚህ ጥበብ አዋቂ የግብፁ ፕሬዚዳንት ናስር ነበር። ሐምሌ 26 ቀን 1956 እስክንድርያ ላይ ስዊዝ ቦይን ሲወርስ የአዋጁን ቃል በፉስሐ አነበበ፤ ወደዚያ የሚያደርሰውን ታሪክ ግን እንደ ሰፈር ሰው ተረከው። ከዓለም ባንኩ ዩጂን ብላክ ጋር ስቀመጥ ቦዩን ያስቆፈረው ፈረንሳዊ ዴሌሴፕስ ፊት የተቀመጥኩ መሰለኝ አለ። በዛሬ ሰው ላይ የትናንቱን ማየት ሳይኮአናሊስቶች «ትራንስፈረንስ» የሚሉት ነው፤ ግን እዚህ ላይ ብዙ አትራቀቁ፤ «ዴሌሴፕስ» የሚለው ስም የቦዩን ቢሮዎች ለመያዝ ለተዘጋጁት ሰዎች የተሰጠ ምልክት ነበር።

ቤን አሊ ግን ዘገየ። የቱኒዚያው ፕሬዚዳንት ለ23 ዓመት ሕዝቡን በፉስሐ ሲያናግር ኖሮ ጥር 13 ቀን 2011 ምሽት በቱኒዚያ አፍ መጣ፤ «ፍሂምትኩም»፣ ገባኝ፣ ተረዳኋችሁ። ቃሉ የፈረንሳዩ ዴጎል በ1958 አልጀርስ ላይ «ተረዳኋችሁ» ያለውን ያስታውሳል። ቤን አሊ በማግስቱ አገር ጥሎ ሄደ። በዚያው ሰሞን አደባባዩ ላይ ሕዝቡ የሚጮኸው «ሕዝቡ የሥርዓቱን መውደቅ ይፈልጋል» የሚለው መፈክር ደግሞ በፉስሐ ነበር፤ ከነሰዋስው። ገዢው ወደ ሕዝቡ ቋንቋ ሲወርድ ሕዝቡ ወደ ሕግ ቋንቋ ወጣ፤ መሐል ላይ አልተገናኙም። መፈክሩ ፉስሐ ስለሆነ ከቱኒስ ካይሮ፣ ከካይሮ ሰንዓ ሳይተረጎም ሄደ። ይህን ዓሚያ አያደርገውም ነበር።

ጥያቄ፦ ሞሮኮ ውስጥ ዳሪጃ መጽሐፍ ላይ ገባ ተብሎ የተነሣው ጩኸት ምን ነበር?

መልስ፦ በመስከረም 2018 የመጀመሪያ ደረጃ መጽሐፍ ውስጥ «ባግሪር» የተባለው ቂጣና «ብሪዋት» የተባለው ጣፋጭ በስማቸው ተጻፉ። ጩኸቱ የምግብ አልነበረም። በ1893 እንግሊዛዊው የመስኖ መሐንዲስ ዊልያም ዊልኮክስ ግብፃውያን ፉስሐን ትተው በዓሚያ እንዲጽፉ መክሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ «በቤታችሁ ቋንቋ ጻፉ» የሚል ሁሉ ቅኝ ገዢ ይሸታል፤ አብሳዩ የራስ ሰው ቢሆንም።

ጥያቄ፦ ዓረቦች ነፃ ያልወጡት በቋንቋቸው ምክንያት ነው የሚል ሐሳብ አነበብኩ። እውነት ነው?

መልስ፦ ሐሳቡ ከላይ ያነሣነው የሳፍዋን ነው፤ በ1921 እስክንድርያ ተወልዶ፣ ፓሪስ ውስጥ የፈረንሳዊው ሳይኮአናሊስት የላካን ወገን አናሊስት ሆኖ በ2020 አረፈ። ጽሑፍ ከሕዝቡ አፍ ሲለይ የጥቂቶች ንብረት ይሆናል፤ ገዢም በዚያ ይኖራል ይላል። ግማሹ እውነት ነው፤ የተፈረደበትን ፍርድ ያለ አስረጅ ማንበብ የማይችል ሰው ዜግነቱ ጎዶሎ ነው።

ሙሉውን ግን የፈርጉሰን አራት ምሳሌዎች አይቀበሉትም። ስዊዞች በአንድ ጀርመንኛ እየጻፉ በሌላ ይናገራሉ፤ ቋንቋው ግን ድምፅ ከመስጠት አልከለከላቸውም። የሃይቲ ክሪዮል በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ኦፊሴላዊ ሆነ፤ አምባገነንነትና መፈንቅለ መንግሥት ግን አላቆመም። ለሳፍዋን የምታደላው ግሪክ ናት፤ ከ1967 እስከ 1974 የገዛው ወታደራዊ መንግሥት የጥንቱን የሚመስለውን የጽሑፍ ግሪክኛ ይደግፍ ነበር፤ ያ ቋንቋ በ1976 ተሻረ። ግን ቅደም ተከተሉን እዩት፤ መጀመሪያ ወታደሮቹ ወደቁ፣ ቋንቋው ከዚያ ተከተለ።

ሌላም የምንፈራው ነገር አለ። ሕዝብን በጅምላ አልጋ ላይ ማስተኛት ከዚህ በፊት ተሞክሯል። በአልጀርስ አንትዋን ፖሮ የሚመራው የሥነ አእምሮ ሕክምና ትምህርት ቤት አልጄሪያዊውን «ጥንታዊ አእምሮ ያለው» እያለ ይጽፍ ነበር፤ ፋኖን የተነሣው ይህን ለማፍረስ ነው። ሳይኮአናሊሲስ መስማት የሚችለው አንድን ሰው ነው፤ ሃያ ሁለት የዓረብ ሊግ አባል አገሮችን አይሰማም።

ጥያቄ፦ ዓረብኛ መማር ልጀምር ነው። ፉስሐ ይቅደም ዓሚያ?

መልስ፦ ዜና፣ መጽሐፍና ሰነድ ከፈለጉ ፉስሐ፤ ሰው ማዳመጥ ከፈለጉ የአንድ ከተማ ዓሚያ፣ ለምሳሌ የካይሮን፣ ከፊደሉ ጋር ጎን ለጎን። ሃያ ስምንቱን ሆሄያት አይዝለሉ፤ ለአማርኛ ተናጋሪ ሥሮቹ ግማሽ መንገድ ያደርሱታል፤ ነፍስ፣ ቀለም፣ ቤት፣ ራስ፣ ስም። ከ«መናኺር» ጀምሮ ያለውን ግን እንደ አዲስ ይማሩታል።